ስም ሳይኖራት የኖረች እፉኝት

እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጥረት ብዙ ነው። ሰውም በዐይኑ ላየውና በእጁ ለዳሰሰው ሁሉ ስም ማውጣት ይወዳል። አዳም በገነት ሳለ ለእንስሳት ሁሉ ስም እንዳወጣላቸው በኦሪት ተጽፏል። ነገር ግን ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ተፈጽሞ አላለቀም። በባሕር ውስጥ፣ በምድረ በዳም፣ በጥቅጥቅ ዱርም ውስጥ ሊቃውንት ገና ስም ያላወጡላቸው ፍጥረታት ብዙ ናቸው። በአገራችን በኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ አልታጡም። ዛሬ የምናነበው ከእነዚሁ መካከል ብዙ ዘመን ስም ሳይወጣላት ስለ ኖረች ስለ አንዲት ፍጥረት ነው። እርሷም በባሌ ተራራ ዱር የምትኖር እፉኝት ናት።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «ስለ እፉኝት ማንበብ ምን ይጠቅመናል? እፉኝት ባዩ ጊዜ ድንጋይ ማንሣት ነው እንጂ» ይል ይሆናል። ልጆች ሆይ፣ ነገሩን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ መልካም ዳኛ አይደለም። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ ፍርዱንም ከዚያ በኋላ እንስጥ።

በዚህ ምዕራፍ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ለመመለስ የሚወድ ልጅ ከመስከረም በፊት ላለው ወራት 8፣ ከመስከረም በኋላ ላለው ደግሞ 7 ዓመት ይቀንስ።

1. እፉኝት ምን ዐይነት እባብ ናት?

እባብ ሁሉ አንድ ወገን አይደለም። በዓለም ላይ ከ3,500 የሚበልጡ የእባብ ወገኖች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሰውን የሚጐዳ መርዝ ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ የሚበዙት ግን በሰው ላይ አንዳች ክፉ ነገር ማድረግ አይችሉም። እፉኝት መርዝ ካላቸው ወገን ናት።

እፉኝት ሰውነቷ ወፍራም፣ ጅራቷ አጭር፣ ራሷም ሰፊ ነው። በላይኛው መንጋጋዋ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሏት። እነዚህ ጥርሶች እንደ መርፌ ውስጣቸው ክፍት ነው፤ መርዙም በዚያ ይወርዳል። አፏን በዘጋች ጊዜ ጥርሶቿ እንደ ካራ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ለመንደፍ አፏን በከፈተች ጊዜ ደግሞ ይቃናሉ።

እፉኝት እንደ ሌሎች እባቦች እየሮጠች አታድንም። በደረቀ ቅጠል ላይ ወይም በሣር ውስጥ ተጋድማ ዝም ትላለች። መልኳም ቅጠሉንና አፈሩን ይመስላልና የሚያያት የለም። አይጥ በአጠገቧ ባለፈ ጊዜ ትነድፈዋለች፤ እርሱም ከሞተ በኋላ ሳትቸኩል ትውጠዋለች። ሰውን የምትነድፈው ሰው ሳያያት በረገጣት ጊዜ ወይም በነካካት ጊዜ ነው። ሰው ለእርሷ ምግብ አይደለምና ፈልጋ አትመጣበትም።

የጥንት ሰዎች የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀድደው ይወጣሉ፣ እናቲቱም በዚያው ትሞታለች ይሉ ነበር። ክፉ ሰውንም «የእፉኝት ልጅ» ብሎ መስደብ የተለመደ ነው። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ብዙዎች እባቦች ዕንቍላል ይጥላሉ፤ እፉኝት ግን ዕንቍላሏን በሆዷ ውስጥ ይዛ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። ከወለደችም በኋላ አትሞትም። እንግዲህ ስለ እፉኝት የምናምነው ነገር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ከዚህ እናስተውል።

2. ስሟ እንዴት ወጣ?

የኢትዮጵያ ደጋ በመካከሉ በታላቅ ስምጥ ሸለቆ የተከፈለ ነው። ከሸለቆው በስተ ምዕራብ ሸዋ፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ አሉ። ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ደግሞ አርሲ፣ ባሌና ሐረርጌ አሉ። የደጋ እንስሳ ቆላውን ወርዶ፣ ሸለቆውን ተሻግሮ ወደ ማዶው ደጋ ለመውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ በሁለቱ ወገን ያሉት ፍጥረታት ብዙ ዘመን ተለያይተው ሲኖሩ ቀስ በቀስ መልካቸውና ጠባያቸው እየተለያየ ይሄዳል።

በ1977 ዓመት ቮልፍጋንግ ቦሜ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከምዕራቡ ደጋ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዱር የተገኘችውን አንዲት እፉኝት መርምሮ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ብሎ ስም አወጣላት። ቢቲስ የነገዷ ስም ነው፤ ፓርቪዮኩላ ማለትም በላቲን ቋንቋ «ታናሽ ዐይን ያላት» ማለት ነው።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ፣ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ፣ በባሌ ተራራ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በዶዶላ አጠገብ አንዲት ሴት እፉኝት ተይዛ ነበር። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን እንስሳ እንዳይበሰብስ በአልኮል ውስጥ አድርገው በቤተ መዘክር ያኖሩታል። ይህች እፉኝትም ብዙ ዘመን ታናሽ ዐይን ካላት እፉኝት ጋራ እንደ አንድ ስትቈጠር ኖረች። የራሷ ስም አልነበራትም። በሌላ ስም ተጽፋ ተቀመጠች።

በ2013 ዓመት በባሌ ተራራ ደቡብ ባለው በሐረና ዱር ውስጥ አንዲት እፉኝት በሕይወቷ ታየች፤ ፎቶግራፍም ተነሣች። መልኳም ከምዕራቡ እፉኝት የተለየ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ዳዊድ ጋወር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ የዶዶላይቱን እፉኝት ዳግመኛ መረመረ። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚደረገው የራሱን መጠን በመለካት፣ በአካሉ ላይ ያለውን ቅርፊት ረድፍ በረድፍ በመቍጠር፣ የጀርባውንም ሥዕል ከሌሎቹ ጋራ በማስተያየት ነው። መርምረውም ባዩ ጊዜ ይህች እፉኝት ከዚህ በፊት ከታወቁት ሁሉ የተለየች ሆና ተገኘች። በ2016 ዓመትም ቢቲስ ሐረና ብለው ስም አወጡላት። እኛ በቋንቋችን የሐረና እፉኝት እንላታለን።

ከእነዚህ መርማሪዎች መካከል አንዱ የፊተኛይቱን እፉኝት ስም ያወጣው ያው ቮልፍጋንግ ቦሜ ነበረ። 39 ዓመት ካለፈው በኋላ ዕውቀት ሲጨመር እርሱም ከሌሎቹ ጋራ ሆኖ ነገሩን አብሮ አቀና። መልካም ሊቅ እንዲህ ያደርጋል። የቀድሞው ነገር እንዳይነካበት አይከራከርም፤ እውነት ከወዴትም ብትመጣ ይቀበላታል።

እንግዲህ ቍጠሩ። ከተያዘች ጀምሮ ስሟ እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስም በወጣላትም ጊዜ ምስክሮቿ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዲቱ በአልኮል የተቀመጠችው፣ ሁለተኛይቱም በፎቶግራፍ የታየችው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን በዱሯ ውስጥ ትወልድ፣ ታድን፣ ትኖርም ነበር። ሰው አላወቃትም እንጂ እርሷስ ነበረች።

3. የሐረና ዱር

የባሌ ተራራ ከፍተኛው ቦታ ቱሉ ዲምቱ ይባላል፤ ከፍታውም 4,377 ሜትር ነው። በዙሪያው የሳነቴ ሜዳ አለ። ይህ ሜዳ ብርዳም ነው፤ ዛፍ አይበቅልበትም። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ቍልቍል ሲወርዱ መጀመሪያ የአስታ ዱር ይገኛል። አስታ የመንዝ ልጆች የምታውቁት ነው፤ በሐረና ግን ትልቅ ዛፍ ይሆናል፤ በቅርንጫፉም ላይ ሽበት የሚመስል ሽሩባ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከዚያ በታች ኮሶና ሌሎችም ታላላቅ ዛፎች፣ ቀርከሃም አለ። በታችኛው ወገን ማንም ሳይተክለው የበቀለ የዱር ቡና ይገኛል።

በዚህ ዱር አንበሳ ይኖራል። የባሌ ጦጣ የምትባል፣ የቀርከሃ ቅጠል የምትበላ ጦጣም አለች፤ ይህች ጦጣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ከተራራውም የሚወርዱት ወንዞች ብዙ ናቸው፤ ዌብ፣ ገናሌና ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአካባቢው ደጋ ውኃቸውን ይቀበላሉ። በቆላውና እስከ ሶማሊያ ድረስ ያለው ሕዝብ፣ ከብቱም፣ ከእነዚህ ወንዞች ይጠጣል። ዱሩ ዝናሙን ይዞ ቀስ በቀስ ባያወርደው ኖሮ ክረምት ጐርፍ፣ በጋም ደረቅ ወንዝ በሆነ ነበር።

የባሌ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓመት ተቋቋመ። በ2023 ዓመትም ዩኔስኮ የተባለው የዓለም መንግሥታት ማኅበር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ይህ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን በመዝገብ መጻፍ ብቻውን ዛፍን ከመጥረቢያ አያድንም። ሰዎች እርሻ ፍለጋ ወደ ዱሩ ይገባሉ፤ ከብትም ቡቃያውን ይበላል፤ ለቡና ሲባል ከሥር ያለው ቍጥቋጦ ይመነጠራል፤ እሳትም አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። በ2000 ዓመት በባሌ የተነሣው ታላቅ እሳት ብዙ ዱር አጥፍቷል።

እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች ለመውቀስ አንቸኵል። እነርሱም ልጆቻቸውን ማብላት አለባቸው። ማሩንም ቡናውንም ከዱሩ ያገኛሉና ዱሩን ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ዱሩ ቢጠፋ አስቀድመው የሚቸገሩትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ዱሩን መጠበቅ ከእነርሱ ጋራ ሆኖ ካልተደረገ አይጸናም።

እፉኝቲቱ ግን መሸሽ አትችልም። ወፍ ዱሩ ቢቃጠልበት በርሮ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ አንበሳም ብዙ መንገድ ይጓዛል። በወደቀ ቅጠል ተሸሽጋ የምትኖር እፉኝት ግን ቅጠሉ ሲጠፋ መሸሸጊያዋ ይጠፋል፤ በዙሪያዋም ያለው እርሻ ከሆነ የምትሄድበት የለም።

4. ቀይ መዝገብ

በ1948 ዓመት የልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትን አቋቋሙ። ይህም ኅብረት ከ1964 ዓመት ጀምሮ ቀይ መዝገብ የሚባል መዝገብ ይዟል። በዚህ መዝገብ የእንስሳትና የዕፀዋት ስም ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ወገን በምን ሁኔታ እንዳለ ይነገራል። አንዱ «ስጋት የሌለበት» ይባላል፤ ሌላው «ለጥፋት የተጋለጠ»፣ ሌላው «ለጥፋት የተቃረበ»፣ ሌላው «በጥፋት አፋፍ ላይ ያለ» ይባላል። የመጨረሻውና የሚያሳዝነው ቃል «የጠፋ» የሚለው ነው። ከዚያ መመለስ የለም።

አንድ እንስሳ በየትኛው ስፍራ እንዲጻፍ ለመፍረድ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ የት የት ይኖራል? ሁለተኛው፣ ቍጥሩ ምን ያህል ነው? ሦስተኛው፣ እየበዛ ነው ወይስ እያነሰ ይሄዳል? ስለ ዝሆን ቢሆን ይህን ማወቅ ይቻላል፤ ዝሆን ከሩቅ ይታያልና። በቅጠል ተሸፍና ዝም የምትል፣ ምስክሮቿም እጅግ ጥቂት የሆኑ እፉኝት ግን እንዴት ትቈጠራለች?

በመዝገቡ ውስጥ ስለዚህ ነገር የተለየ ስፍራ አለ፤ «ማስረጃ ያልተሟላለት» ይባላል። ይህን ቃል የሚሰማ ሰው «እንግዲያውስ ምንም አልሆነም» ብሎ እንዳይሳሳት። ሐኪም ያላየው በሽተኛ ሁሉ ደኅና ነው አይባልም። ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የታመመው እርሱ ይሆናል። ያልታወቀ ፍጥረትም እንደዚሁ ነው፤ ሳይታወቅ ኖሮ ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል፤ በጠፋም ጊዜ የሚያለቅስለት የለም።

በ2022 ዓመት ሊቃውንት በዓለም ላይ ስለሚኖሩ 10,196 የሚሳቡ እንስሳት ወገኖች፣ ማለት ስለ እባብ፣ ስለ እንሽላሊት፣ ስለ ኤሊ፣ ስለ አዞም የመረመሩትን ገለጹ። ከ100 ወገኖች 21 የሚያህሉት የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ታወቀ። በደረቅ ምድር ከሚኖሩት ከ100 ወገኖች 14 ያህል፣ በዱር ከሚኖሩት ግን ከ100 ወገኖች 30 ያህል በአደጋ ላይ ሆነው ተገኙ። የዱር እባብ ከበረሃ እባብ ይልቅ የተቸገረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤቱ ዛፍ ነውና፣ ዛፉ ይቈረጣል።

5. እፉኝት ለምን ትጠቅማለች?

አሁን የጥያቄውን ልብ እንንካ። እፉኝት ሰውን ትገድላለች፤ ይህ እውነት ነው፤ አንሸሽገውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርስ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል። ከእነዚህም የሚበዙት ባዶ እግራቸውን በእርሻና በሜዳ የሚውሉ ድኾች ናቸው። ልጁ በእባብ የተነደፈበትን አባት «እባብ ጠቃሚ ነው» ብንለው ይቈጣል፤ መቈጣቱም አያስነቅፍም።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን እንስማ። እፉኝት የምትበላው አይጥ ነው። ገብስና ባቄላ የዘራ ገበሬ አይጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጎተራው ሲሞላ ያየዋል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ገለባ ሆኖ ያገኘዋል። አይጥን የሚበላ ሁሉ፣ ጭልፊትም ቢሆን፣ ጕጕትም ቢሆን፣ እባብም ቢሆን፣ ደመወዝ የማይቀበል የጎተራ ዘበኛ ነው።

ደግሞም የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚሠራው ከእባቡ ከራሱ መርዝ ነው። ሐኪሞች ከእባቡ መርዙን ያልባሉ፤ ጥቂት ጥቂቱንም ለፈረስ ይወጉታል። የፈረሱ ደም መርዙን መቋቋም ይማራል፤ ከደሙም ለሰው የሚሆን መድኃኒት ይወጣል። እንግዲህ እባቡን የሚያውቅ ሰው ከሌለ የተነደፈውን ልጅ የሚያድን መድኃኒት አይኖርም።

በብራዚል አገር ዣራራካ የምትባል እፉኝት አለች፤ እርሷም ብዙ ሰው ትነድፋለች። ሰርዢዮ ፌሬራ የተባለ ብራዚላዊ ሊቅ በ1965 ዓመት በመርዟ ውስጥ የደም ግፊትን ለማውረድ የሚረዳ ነገር አገኘ። ከዚህም በመነሣት ሌሎች ሊቃውንት በ1970ዎቹ ዓመታት ካፕቶፕሪል የሚባለውን መድኃኒት ሠሩ። ይህ መድኃኒትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ወንድሞቹ በዓለም ሁሉ ስፍር ቍጥር የሌለውን ሰው ዕድሜ አራዝመዋል። ያች እፉኝት ከመመርመሯ አስቀድሞ ጠፍታ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱን ማን ያስበው ነበር? በሐረና እፉኝት መርዝ ውስጥም ምን እንዳለ የሚታወቀው እርሷ በሕይወት ስትቈይ ብቻ ነው። ያልተነበበን መጽሐፍ ማቃጠል ከንቱ ሥራ ነው።

6. አባቶቻችን ያደረጉት

የዘመሮና የመላው መንዝ ልጆች ሆይ፣ ይህ ሁሉ በሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ። ባሌና መንዝ በስምጥ ሸለቆ የተለያዩ ቢሆኑም አንድ የሚያደርጋቸው እንስሳ አለ፤ እርሱም ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። የሚበዛው በባሌ ይኖራል፤ ጥቂቱ ደግሞ በእኛው በመንዝ ጓሳ ይኖራል። ቍጥሩ በጠቅላላው ጥቂት መቶ ብቻ ስለ ሆነ በቀይ መዝገብ «ለጥፋት የተቃረበ» ተብሎ ተጽፏል።

ቀበሮው በመንዝ እስከ ዛሬ የቈየው በምን ምክንያት ነው? አባቶቻችን ስለ ጠበቁት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን የጠበቁት ቀበሮውን ብለው አልነበረም። የጠበቁት ሣሩን ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳም ይሆናል። ሣሩ ያለ ልክ ቢታጨድ እንደሚያልቅ አስተዋሉ። ስለዚህ ቄሮ የሚባል ሥርዐት አቆሙ። በዚህ ሥርዐት ጓሳው ብዙ ጊዜ እስከ 3 ወይም እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። በዚያ ዘመን ማንም ሣር አያጭድም፤ ከብትም አያሰማራም። ሣሩ በደረሰ ጊዜ ሽማግሎች ተመካክረው ይከፈት ይላሉ፤ ሕዝቡም ሁሉ በደንቡ ያጭዳል። ደንቡን ያፈረሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። የመሬት ሥርዐት በ1975 ዓመት በተለወጠ ጊዜ ቄሮ ደከመ፤ የአገሩ ሰው ግን ጓሳውን ጨርሶ አልተወውም፤ በኮሚቴ ተሰብስቦ እንደገና መጠበቅ ጀመረ።

እነሆ፣ ሣሩ ስለ ተጠበቀ በሣሩ ውስጥ የሚኖረው አይጥ ተጠበቀ። አይጡ ስለ ተጠበቀ እርሱን የሚበላው ቀይ ቀበሮ ተጠበቀ። ጭላዳውም ወፉም ከእነርሱ ጋራ ተጠበቀ። አባቶቻችን ስማቸውን ያላወቋቸው ስንት ፍጥረታት ከሣሩ ጋራ ድነው ይሆን! አንዱን ነገር በልክ መጠቀም ሌላውን ያላሰቡትን ያድናል። አንዱንም ያለ ልክ ማጥፋት ሌላውን ያላሰቡትን ያጠፋል።

የሐረና እፉኝትም የምትድነው በዚሁ መንገድ ነው። ማንም ሰው እፉኝትን እየተከተለ ሊጠብቃት አይችልም። ዱሩ ከተጠበቀ ግን እርሷም ትጠበቃለች።

7. ፍርዱ

ኖኅ መርከቡን በሠራ ጊዜ ርግብና በግ ብቻ ይግቡ አልተባለም። በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱትም እንዲገቡ ታዘዘ። ኖኅም ይህ ያምራል፣ ይህ አያምርም ብሎ አልመረጠም። በሩን የከፈተው ለሁሉ ነው። የዱር ጥበቃም እንደ መርከብ ነው፤ ደስ የሚያሰኘንን ብቻ አያስገባም።

ስለዚህ፣ ልጆች ሆይ፣ እፉኝትን ውደዱ አንላችሁም። አትፍሯትም አንላችሁም፤ ፍርሀትስ ይገባል። ነገር ግን የሚፈራ ሁሉ ገዳይ መሆን የለበትም። እባብ ባያችሁ ጊዜ ቁሙ፤ ቀስ ብላችሁም ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ለታላላቆች ተናገሩ። በእንጨት አትነካኩት፤ ድንጋይም አትወርውሩበት፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድለው ሲቀርብ ነውና። ሣር ስታጭዱና እንጨት ስትለቅሙ እጃችሁ ከሚገባበት አስቀድሞ ዐይናችሁ ይግባ። ማታ ያለ መብራት አትሂዱ።

ሰው በእባብ ቢነደፍ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ይቈይ፤ ሰውየውንም ተሸክሞ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቍስሉን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድም ማነቅ ጉዳት ያመጣል እንጂ አያድንም።

የማታውቁትን ፍጥረት ከማጥፋታችሁ አስቀድሞ ስሙን ጠይቁ። ይህ ለእባብ ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። ስሙን ያላወቅነውን ሰው እንኳ «ይህ ክፉ ነው» ብለን ስንት ጊዜ ፈርደናል! የሐረና እፉኝት ከተያዘች በኋላ በሰው ዘንድ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል በሌላ ስም ኖረች፤ በፈጠራት ዘንድ ግን አንድ ቀንም ያልታወቀች አልነበረችም። የጠፋውን መልሶ መፍጠር ለሰው አልተሰጠም፤ ያለውን መጠበቅ ግን ተሰጥቶታል።

ጥያቄ

፩. እፉኝት ከሌሎች እባቦች በምን በምን ትለያለች?
፪. የዶዶላይቱ እፉኝት የራሷን ስም እስክታገኝ ለምን ብዙ ዘመን ፈጀ?
፫. «ማስረጃ ያልተሟላለት» ማለት «ስጋት የሌለበት» ማለት ነውን? አስረዱ።
፬. አባቶቻችን ሣሩን ስለ ጠበቁ ቀይ ቀበሮ እንዴት ተጠበቀ?
፭. በመንደራችሁ አጠገብ ያለውን ዱር፣ ሜዳ ወይም የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ተመልከቱ። በዚያ የሚኖሩትን ፍጥረታት ስም ከታላላቆች ጠይቃችሁ ጻፉ።